«መሣሪያው ሲቆም»፦ ስለ ቶርኖ-ፍሬዛ ማሽን አሰያየም ሂሳዊ አስተያየት

1. መነሻ

«መሣሪያው ሲቆም በሩን መክፈት ይቻላል።» ይህን ዐረፍተ ነገር ያገኘነው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ገርጂ በሚያመራው አካባቢ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ማሽን በር ላይ ተለጥፎ ነው። ድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎቹን አማርኛ እንድንመረምርለት ጠይቆን ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ የሰዋስው ግድፈት የለበትም፤ የፊደል ስሕተትም አይታይበትም። ሆኖም እኛ ከመድረሳችን ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ወጣት ሠራተኛ ይህንኑ ጽሑፍ አንብቦ፣ መቁረጫው መዞሩን እንዳቆመ በመስኮቱ በኩል ተመልክቶ፣ «መሣሪያው ቆሟል» በማለት የበሩን እጀታ ስቦ እንደነበረ ተነገረን። በውስጥ ግን ለሥራ የታሰረው፣ ከሁለት ሜትር የሚበልጠው የብረት ዘንግ ገና በከፍተኛ ፍጥነት ይሾር ነበር። በሩን የሚይዘው የደኅንነት ቁልፍ በደንብ ይሠራ ስለነበረ ጉዳት አልደረሰም። ቃል ያሳሳተውን እጅ ቁልፍ አዳነው ለማለት ይቻላል።

የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ጥፋቱን የጣሉት በወጣቱ ላይ ነበር፤ «የተጻፈውን አያነቡም» ሲሉ አስረዱን። እኛ ጽሑፉን ደጋግመን ከመረመርን በኋላ የደረስንበት አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወጣቱ አንብቧል፤ ያነበበውንም ቃሉ በሚፈቅደው መንገድ ተረድቷል። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው። ለጽሑፉ መሳሳት ደግሞ ተጠያቂው ተርጓሚው ብቻ ሳይሆን፣ እኛም ለብዙ ዓመታት የተሳተፍንበት የሙያ ቃላት አሰያየም ልማድ ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መተቸትና፣ በተቻለ መጠን፣ የሚሻለውን መንገድ ማመልከት ነው።

2. የማሽኑ አሠራር

ስለ ስሙ ከመነጋገራችን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። በብረት ቆረጣ ሥራ ውስጥ ሁለት መሠረታዊ አሠራሮች አሉ። በመጀመሪያው፣ ማለትም ሠራተኛው ሁሉ ቶርኖ በሚለው ማሽን ላይ፣ የሚሾረው የሚሠራው ብረት ነው፤ መቁረጫው ሳይሾር እየተጠጋ ብረቱን ይልጠዋል። ከዚህ የሚወጣው ክብ ነገር ነው፦ ዘንግ፣ ቀለበት፣ ሮለር። በሁለተኛው፣ አንጋፋዎቹ ባለሙያዎች ፍሬዛ፣ ከሙያ ትምህርት ቤት የወጡት ደግሞ ሚሊንግ በሚሉት ማሽን ላይ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብረቱ ታስሮ ይቀመጣል፣ የሚሾረው መቁረጫው ነው። ከዚህ የሚገኘው ጠፍጣፋ ገጽ፣ ቦይና ጥርስ ነው።

ሁለቱም ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ከባድ ዕቃ፣ ለምሳሌ በአንድ በኩል ክብ አንገት፣ በሌላ በኩል የቁልፍ ቦይ ያለው ዘንግ፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መዛወር ነበረበት። ክብደቱ በቶን የሚቆጠር ከሆነ በክሬን ይነሣል፣ እንደገና ይታሰራል፣ መካከሉም እንደገና ይፈለጋል። በእያንዳንዱ እስራት ጥቂት የልኬት ዝንፈት ይጨመራል፤ ጊዜውም ይባክናል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በአውሮፓና በጃፓን እየተስፋፋ የመጣው ጣምራ ማሽን ይህን ችግር ለማስወገድ የተሠራ ነው። ብረቱ አንድ ጊዜ ይታሰራል። ቶርኖ በሚሆንበት ጊዜ ብረቱ ይሾራል፤ ፍሬዛ በሚሆንበት ጊዜ ብረቱ በታዘዘው ዲግሪ ልክ ቀስ ብሎ ይዞርና ይያዛል፣ ከፊት ለፊቱ ያለው፣ ወደ ጎን ማዘንበል የሚችለው ራስ ደግሞ መቁረጫውን ያሾራል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ በአንድነት ይሾራሉ። የመርከብ ሞተር ክራንክ ሻፍት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ እግር፣ የተርባይን ዘንግ የመሳሰሉት ከባድ ዕቃዎች በዚህ ዓይነት ማሽን ይሠራሉ።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ መጭመቂያ ሮለሮች፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከባድ ዘንጎች ያልቃሉ፤ ሲያልቁም ይታደሳሉ ወይም በውጭ ምንዛሪ ይተካሉ። በአቃቂ የተቋቋመው የመለዋወጫ ፋብሪካ የተፈለገው ይህንኑ ወጪ ለመቀነስ ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻ 13 ተርባይኖች አሉት፤ እነዚህም ዘንግ አላቸው፤ ዘንግ ደግሞ ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ የማሽኑ ስምና የክፍሎቹ ስሞች ጉዳይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትርፍ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

3. ሦስት ስሞችና ጉድለታቸው

ለዚህ ማሽን በጨረታ ጽሑፎች፣ በማሠልጠኛ ማስታወሻዎችና በትርጉም ረቂቆች ውስጥ ሦስት ዓይነት አሰያየም አጋጥሞናል።

የመጀመሪያው «ሁለገብ ማሽን» ነው። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ይሁን እንጂ ስለ ማሽኑ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ሁለገብ አዳራሽ እንላለን፤ ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንላለን። አዳራሹ ሠርግም ስብሰባም ስለሚያስተናግድ፣ ማኅበሩ ማዳበሪያም እህልም ስለሚያከፋፍል ስሙ ይስማማቸዋል። ማሽኑን ከሌሎች የሚለየው ግን ሁለት የታወቁ ተግባራትን በአንድ እስራት ማጣመሩ እንጂ ብዙ ነገር መሥራቱ አይደለም። የቃሉ ምንጭም የአምራቾች የማስታወቂያ ቋንቋ ነው፤ ሻጭ ዕቃው ሁሉን እንደሚችል ይናገራል። መዝገበ ቃላት ግን የሻጭን አፍ ሊዋስ አይገባውም።

ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን መጻፍ ነው፦ «ተርን-ሚል»። ይህ ቢያንስ ቅንነት አለው፤ አላውቅህም ብሎ ይጀምራል። ጉድለቱ ግን ሠራተኛው አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት ጋር አለመገናኘቱ ነው። ቶርኖ የሚያውቅ ሰው «ተርን» ሲባል ስለዚያው ነገር መነገሩን አይገነዘብም።

ሦስተኛው መግለጫን ስም ማድረግ ነው። በአንድ ረቂቅ ላይ «በአንድ አስተሳሰር የመላግና የመፋቅ ተግባራትን በጣምራ የሚያከናውን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን» የሚል አንብበናል። 10 ቃላት ናቸው። በሥራ ቦታ 10 ቃላት የሚጠራ ሰው የለም። ከዚህም በላይ መላግ የአናጢው፣ መፋቅ የቆዳ ሠራተኛው ግብር ነው፤ አንዳቸውም የሚሾረው ምን እንደሆነ አይነግሩንም። አገርኛ ግስ መምረጥ ብቻውን ትክክለኛ ስም መስጠት አይደለም።

በእኛ አስተያየት ተገቢው ስም ከሠራተኛው አፍ የሚገኘው ነው፦ ቶርኖ-ፍሬዛ። ጀርመኖችም ፈረንሳዮችም ማሽኑን የሚጠሩት የሁለቱን አሠራሮች ነባር ስሞች አጣምረው ነው፤ አዲስ ስም አልፈጠሩለትም። ቶርኖና ፍሬዛ ከጣሊያንኛ መምጣታቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ትራፓኖም፣ ሞርሳም፣ ኩሽኔታም ከዚያው መጥተዋል፤ ዛሬ የሙያው አማርኛ ናቸው።

«ለምን አገርኛ ቃል አይፈጠርም?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሱን እዚያው ቦሌ እናገኘዋለን። «አብራሪ» እና «መንደርደሪያ» የተሳኩ አገርኛ ቃላት ናቸው። የተሳኩትም ሰው ሁሉ በዐይኑ የሚያየውን ድርጊት ስለሰየሙና ባዶ ቦታ ስለሞሉ ነው። ቶርኖ የያዘው ቦታ ግን ባዶ አይደለም፤ ከሁለት ትውልድ በላይ ተይዟል። የተያዘን ቦታ ለማስለቀቅ የሚጠፋው ድካም ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የት እንደሚፈለግም ቀጥለን እናሳያለን።

4. ስም ያላገኙት ክፍሎች

የአሰያየም ልማዳችን ዋና ጉድለት ይህ ነው፦ ድካማችንን ሁሉ በማሽኑ ስም ላይ እናውለዋለን፤ እጅ የሚገባባቸው የውስጥ ክፍሎች ግን ያለ ቁርጥ ስም ይቀራሉ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ፣ ከአብዮቱም በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ በሙያ ቃላት ላይ ብዙ ተደክሟል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚህ ድካም ፍሬ ነው። የሥራው መነሻ ግን የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ነው። ከዝርዝር የሚነሣ ሰው ለእያንዳንዱ ቃል አቻ ይፈልጋል፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ አቻ ላይ ሲያርፉ ግን ወዲያውኑ አይታየውም፤ ቃላቱ በዝርዝሩ ውስጥ ተራርቀው ይገኛሉና።

በበሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ለዚህ ምስክር ነው። ዋናውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስመጥተን ስናመሳክር፣ በዚያ ዐረፍተ ነገር የተጻፈው ማሽኑን በሙሉ የሚያመለክተው ቃል ሆኖ አገኘነው። እዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ የመቁረጫው ስም ይመጣል፤ እሱም «መሣሪያ» ተብሎ ተተርጉሟል። «መሣሪያ» በአማርኛ ጠመንጃም ነው፣ ክራርም ነው፣ መዶሻም ነው፣ ማሽንም ነው። በዕለት ንግግር ዐውዱ ይለየዋል። በዚህ ማሽን ላይ ግን ዐውዱ ራሱ ሁለቱንም ይዟል፤ ወጣቱ በማሽኑ ፈንታ መቁረጫውን ቢመለከት የሚፈረድበት አይደለም።

በሌላ ጽሑፍ ላይ «ወደሚሽከረከረው ክፍል አትጠጋ» የሚል አገኘን። «ክፍል» ቤት ውስጥ ያለው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው፣ የመሥሪያ ቤት አካል የሆነውና የዕቃ አንድ አካል የሆነው ሁሉ ነው። ይህ ቢታለፍ እንኳ፣ በዚህ ማሽን ላይ የሚሽከረከረው ክፍል የትኛው ነው? በቶርኖ ብረቱ፣ በፍሬዛ መቁረጫው ነበር፤ እዚህ ሁለቱም ናቸው። ለነጠላ ማሽን ይበቃ የነበረው ነጠላ ቃል ለጣምራው አልበቃም።

«ቆመ» የሚለው ግስም ከዚህ ነጻ አይደለም። ፋብሪካ ቆመ ስንል ተቋቋመ ማለታችን ነው፤ ምሰሶ ቆመ ስንል ተተከለ፤ ሰዓት ቆመ ስንል ሥራ አቆመ። ይህ ማሽን ደግሞ ሦስተኛ ሁኔታ አለው፦ ብረቱ ሳይሾር፣ ግን በታዘዘ ጊዜ በዲግሪ ለመዞር ተይዞ የሚጠብቅበት። ለተመልካች ዐይን ቆሟል፤ ለማሽኑ ግን ሥራ ላይ ነው።

በመጨረሻም «መቁረጫ» ራሱ አስተማማኝ አይደለም። «መ—ያ» የሚባለው የስም አመሠራረት መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ቦታንና ጊዜንም ይሰይማል። መግቢያ ቦታ ነው፤ ትኬት መቁረጫም ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ነው። ስለዚህ «መቁረጫው አካባቢ» ሲባል የሚቆርጠው ነገር ነው ወይስ የሚቆረጥበት ስፍራ? ቅርጹ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

5. ከአውሮፕላን ጥገና የሚገኝ ትምህርት

በዚሁ በቦሌ፣ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል ይገኛል። በአውሮፕላን ጥገና ሙያ የሚሠሩ ሰዎች የሚያነቧቸው መመሪያዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛው ተራ እንግሊዝኛ አይደለም። የአውሮፓ የአየርና የሕዋ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 ለጥገና ጽሑፎች የሚያገለግል የተገራ እንግሊዝኛ ደንብ አውጥቷል። የደንቡ መሠረት ቀላል ነው፦ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ። እንደ ምሳሌ «ተከተለ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በደንቡ መሠረት የቃሉ ፍቺ ከኋላ መምጣት ብቻ ነው፤ መመሪያን መፈጸም ለማለት ሌላ ቃል ይመረጣል። የሥራ ትእዛዝ የሚሰጥ ዐረፍተ ነገርም ከ20 ቃላት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የሚገርመው፣ የአማርኛው «ተከተለ» ልክ የእንግሊዝኛውን ያህል መንታ መሆኑ ነው፤ እኛም «መመሪያውን ተከተል» እንላለን።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሚሊዮን የሚቆጠር ገጽ የተጻፈበት ሙያ እንኳ ቋንቋው እንዳለ አልበቃውም፤ የሰው ሕይወት በአንድ ቃል ላይ በተንጠለጠለበት ስፍራ ቃሉን ማጥበብ ግድ ሆኗል። የአማርኛ የሙያ ቃላት ሥራ ግን እስካሁን የሚለካው በተፈጠሩ ቃላት ብዛት ነው። ስንት ቃላት እንደተለዩ፣ ማለት ስንት መንታ ፍቺዎች እንደተዘጉ፣ የሚጠይቅ የለም።

6. የምናቀርበው አማራጭ

ለማስጠንቀቂያና ለሥራ መመሪያ ጽሑፎች የሚከተሉትን ስሞች እናቀርባለን።

ማሽን፦ ለሙሉው አካል ብቻ። ቀድሞ «መኪና» ይባል ነበር፤ የስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና እንደምንለው። ዛሬ መኪና የመንገዱ ሆኗል፤ ማሽን ቦታውን ወርሷል፤ ይጽና።

ስለት፦ ለሚቆርጠው ብረት። ከስእለት ጋር በድምፅ መቀራረቡ አይካድም፤ ነገር ግን በማሽን አጠገብ የሚያሳስት አይደለም።

ተሠሪ፦ ለሚሠራው ብረት። ሠራተኛው «ብረቱ» ወይም «ሥራው» ይለዋል፤ ስለቱም ብረት ስለሆነ አይለይም። ይህ ዓይነት ስም ለሰው ብቻ ነው የሚሉ ካሉ፣ የሒሳብ መማሪያዎቻችን አካፋይንና ተካፋይን፣ አባዥንና ተባዥን ለቁጥሮች ከሰጡ ብዙ ጊዜ መሆኑን እናስታውሳለን። ተማሪ ሁሉ ያለ ችግር ተቀብሏቸዋል።

እንዝርት፦ ስለትን ወይም ተሠሪን ይዞ ለሚያሾረው ዘንግ። «የጥጥ መፍተያ ለከባድ ኢንዱስትሪ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይጠበቃል። እንግሊዞችና ጀርመኖች ለዚሁ ክፍል የሚጠቀሙበት ቃል የፈታይ ሴቶቻቸው እንዝርት ስም ነው፤ በቃሉ አላፈሩበትም። እንዝርት የያዘውን ይዞ በራሱ ዙሪያ ይሾራል፤ የማሽኑም ክፍል ግብር ይኸው ነው። በዚህ ማሽን ላይ የተሠሪ እንዝርትና የስለት እንዝርት ብሎ መለየት ግን ግዴታ ነው። «ባለ ሁለት እንዝርት» ብቻ ብንል፣ ሁለቱም እንዝርቶቹ ተሠሪ ከሚይዙት ሌላ የቶርኖ ዓይነት ጋር እንቀላቅለዋለን።

ከግሶችም «ሾረ» በፍጥነት ለሚደረገው፣ «ዞረ» በዲግሪ ለሚለካው ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ይለዩ። «ክፍል» እና «መሣሪያ» ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይውጡ።

በዚህ መሠረት የበሩን ጽሑፍ እንዲህ አድርገን አሻሻልነው፦ «የተሠሪው እንዝርትም የስለቱ እንዝርትም መሾርና መዞር ሳያቆሙ በሩን አትክፈት።» ከቀድሞው ይረዝማል፤ ውበቱም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ከመለጠፉ በፊት ግን ለወጣቱ ሠራተኛ ሰጥተን አስነበብነውና በሩን ከመክፈቱ በፊት ምኑን እንደሚመለከት ጠየቅነው። «ሁለቱንም» አለን። ያቀረብናቸው ስሞች ጉድለት አይጠፋቸውም፤ በተለይ «ተሠሪ» ገና በሠራተኛው አፍ አልተፈተነም። በየሥራ ቤቱ ያሉ ባለሙያዎች የሚሻል ቃል ቢያቀርቡ በደስታ እንቀበላለን። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚቀርበው ቃል በቅድሚያ በማሽኑ በር ላይ ይነበብ፤ ወደ መዝገበ ቃላቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ይሁን።